ዋልት ዲዝኒና የማያልቀው ግንባታ

የዋልት ዲዝኒ ስም በተነሣ ቁጥር በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ወዲያው የሚደቀነው ነጭ ጓንት ያጠለቀው አይጥ፣ ሚኪ ማውስ ነው። ይህም የተሳሳተ አይደለም፤ ሰውዬው ዝናውንም ሀብቱንም በመጀመሪያ ያገኘው በካርቱን ፊልም ነውና። ይሁን እንጂ በሕይወቱ የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ዓመታት ልቡን የሰረቀው ሥራ ከፊልሙ ይልቅ ግንባታ ነበረ። አፈር ማስቆፈር፣ ውሃ ማቆር፣ ሐዲድ መዘርጋት፣ ብረት ማቆም፣ ዛፍ ማስተከል፣ የሠራውንም አፍርሶ እንደገና ማሠራት የዕለት ተዕለት ሐሳቡ ሆኖ ነበር። እኛ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ይህን ሰው ከሙያ ባልደረቦቻችን ተራ ልንቆጥረው አንችልም፤ የምሕንድስና ትምህርት ቀርቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱንም አልጨረሰም። ነገር ግን እንደ አሠሪ፣ ማለትም ሥራ እንደሚያዝና ሂሳብ እንደሚከፍል ሰው ካየነው፣ የሚመስለው አሠሪ በዘመኑ ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኞቻችን የምናውቀው አሠሪ ሪባኑ ተቆርጦ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ባለሙያውን የሚረሳ ነው። ለዲዝኒ ግን የምረቃው ቀን የሥራው መነሻ ነበረ። የሚከተለው ታሪክ ይህን ጠባዩን ተከትሎ የሚሄድ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ኤልያስ ዲዝኒ ዲሴምበር 5 ቀን 1901 በቺካጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤልያስ ብዙ ሥራ ሞካክሮ በአንዱም ያልቀናው፣ ኃይለኛና ቆጣቢ ሰው ነበር። ከሞከራቸው ሥራዎች አንዱ አናጢነት ሲሆን፣ በ1893 በቺካጎ ለተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ግንባታ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሮ ነበር። ያ ኤግዚቢሽን ጆርጅ ፌሪስ የተባለው የድልድይ መሐንዲስ ሰው እያሳፈረ የሚሽከረከረውን 80 ሜትር የሚደርስ የብረት ጎማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቆመበት በመሆኑ በመዝናኛ ሥፍራዎች ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ልጁ ገና አልተወለደም ነበርና አላየውም፤ ወሬውን ግን ከአባቱ እየሰማ አደገ።

ቤተሰቡ በ1906 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ማርስሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ እርሻ ያዘ። የሳንታ ፌ የባቡር መስመር በከተማይቱ ያልፍ ነበር፤ የዋልት የአክስቱ ባልም የባቡር ነጂ ነበር። የባቡር ፍቅር በልጁ ላይ ያደረው ያን ጊዜ ነው። እርሻው ከስሮ ቤተሰቡ በ1911 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሲዛወር፣ አባትዬው የጋዜጣ ማደል ሥራ ገዛና ሁለቱን ልጆቹን ሮይንና ዋልትን ያለ ደመወዝ አሰማራቸው። ሌሊት ተነሥቶ በበረዶ ውስጥ ጋዜጣ ማደሉ እስከ እርጅናው ድረስ በሕልሙ እየመጣ ያባንነው እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ከቤታቸው ሳይርቅም በብዙ ሺህ አምፑሎች የሚያበራ ኤሌክትሪክ ፓርክ የሚባል የመዝናኛ ሥፍራ ነበር። ለድኻ ልጅ ይህ ሁሉ ብርሃን ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። በ1918 ዕድሜውን ጨምሮ በመናገር በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ነጂ ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ ሲደርስ ጦርነቱ አብቅቶ ነበር።

የፊልም ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ላይ በአጭሩ እናልፈዋለን። በካንሳስ ሲቲ ያቋቋመው የመጀመሪያ ድርጅት በ1923 ከሰረ። በዚያው ዓመት ወደ ሆሊውድ ሄዶ ከወንድሙ ከሮይ ጋር አዲስ ድርጅት ከፈተ። በ1928 ድምፅ ያለው የሚኪ ማውስ ፊልም ወጣ፤ በ1937 ደግሞ የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ የበረዶዋ ልዕልት ለሕዝብ ቀረበ። በ1941 የስቱዲዮው ሠዓሊዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ዲዝኒ ነገሩን እንደ ግል ክህደት ቆጠረው። በ1947 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦም የሥራ ማቆሙን ያስተባበሩትን ሰዎች ኮሚኒስቶች ናቸው ሲል መሰከረባቸው። የሰውዬውን ትጋት የሚያደንቅ ሁሉ ይህን ቂመኛነቱንም ሊዘነጋ አይገባም። ከሥራ ማቆሙ በኋላ ስቱዲዮው እንደ ቀድሞው ቤተሰብ አልመስልህ አለው፤ ፊልምም ይሰለቸው ጀመር።

ሐሳቡ ወደ ባቡር የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1948 ከሠዓሊው ከዋርድ ኪምቦል ጋር የቺካጎን የባቡር ትርኢት ሊያይ ሄደ። ከዚያ እንደተመለሰም በስቱዲዮው አጠገብ ሊሠራ ስላሰበው ትንሽ የመዝናኛ ሥፍራ፣ የከተማ አዳራሹንም የእሳት አደጋ ጣቢያውንም የባቡር ጣቢያውንም እየዘረዘረ፣ ለሠራተኞቹ ማስታወሻ ጻፈ። በ1950 ደግሞ ከስቱዲዮው የመኪና ክፍል ኃላፊ ከሮጀር ብሮጊ ጋር ከእውነተኛው በስምንት እጅ ያነሰ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ሠርቶ በመኖሪያ ቤቱ ግቢ ዙሪያ 800 ሜትር ያህል ሐዲድ ዘረጋ። ባቡሩ የባለቤቱን የአበባ መደብ እንዳያበላሽ ከሥሩ ዋሻ አስቆፍሮለታል። ከዚህም ሌላ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ቅዳሜና እሑድ በፈረስ መሽከርከሪያ ሊያጫውት ሲወስድ፣ ልጆች ሲደሰቱ ወላጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚሰለቹ፣ ሥፍራዎቹም ቆሻሾች፣ ሠራተኞቹም ባለጌዎች እንደ ሆኑ ያስተውል ነበር። በኮፐንሃገን የሚገኘውን የቲቮሊ መናፈሻ ባየ ጊዜ ግን ንጽሕናውና ሥርዓቱ ከማረከው በኋላ እንዲህም ማድረግ ይቻላል ብሎ አመነ።

የመጀመሪያው ዕቅድ ለበርባንክ ከተማ ምክር ቤት በ1952 ቀርቦ ውድቅ ሆነ። ምክር ቤቱ በከተማው ውስጥ የጭፈራና የሁከት ቦታ እንዲከፈት አልፈለገም። ይህ እምቢታ ለዲዝኒ መልካም ዕድል ሆነለት ለማለት ይቻላል፤ የበርባንኩ መሬት እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ ሐሳቡ እያደገ ሲሄድ ሊይዝለት ባልቻለም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከፊልም ኩባንያው የተለየ፣ ስሙ ከራሱ ስም መነሻ ፊደላት የተወሰደ ዌድ የሚባል የንድፍ ድርጅት አቋቋመ።

እዚህ ላይ ለሙያችን ጥቂት የሚመር ነገር አለ። ዲዝኒ በመጀመሪያ ንድፉን በስም የታወቀ የአርክቴክቶች ድርጅት እንዲያወጣለት አድርጎ ነበር፤ የመጣለት ግን ያሰበውን አልመሰለውም። ወዳጁና ጎረቤቱ የነበረው ታዋቂው አርክቴክት ዌልተን ቤኬት፣ ይህን ሥራ ከራስህ ሰዎች በቀር ማንም አይሠራልህም ብሎ መከረው። አንድ አርክቴክት ሊያገኘው የሚችለውን ትልቅ ሥራ ለሌላ አሳልፎ ሲሰጥ ማየት የተለመደ ባለመሆኑ የቤኬት ቅንነት መመስገን ያለበት ነው። ዲዝኒም ምክሩን ተቀብሎ የፊልም ቦታ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችን፣ ሠዓሊዎችንና መካኒኮችን ሰበሰበ። የፊልም ሰው ቦታን የሚያስበው በተከታታይ ትዕይንት ነው፤ ተመልካቹ በመጀመሪያ ምን ያያል፣ ቀጥሎስ፣ ከዚያስ እያለ ነው የሚነድፈው። ዋናው ጎዳና ወደ አንድ አደባባይ ወስዶ ከዚያ ወደየክፍሉ የሚበተነው፣ በጎዳናው መጨረሻም 23 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ እግረኛውን ከሩቅ የሚጠራው በዚህ አስተሳሰብ ነው። የቤቶቹ ፎቅ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መጠኑ እየቀነሰ ስለሚሠራ ግንቡም ሆነ ሱቆቹ ከእውነተኛ ቁመታቸው በልጠው ይታያሉ። በዙሪያው የተከመረው የአፈር ግንብ ደግሞ የውጭውን ዓለም ከዓይን ይሰውራል። ጄምስ ራውዝ የተባለው የከተማ ግንባታ ባለሀብት በ1963 በሃርቫርድ ባደረገው ንግግር በዘመኑ በአሜሪካ ከተሠሩት የከተማ ንድፎች ሁሉ የሚበልጠው ዲዝኒላንድ ነው ባለ ጊዜ ብዙ አርክቴክቶች ተቆጥተዋል። ፍርዱ የተጋነነ ቢሆንም መሠረት የሌለው አልነበረም።

የቦታው ምርጫ በዘልማድ አልተደረገም። የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባለሙያ የነበረው ሃሪሰን ፕራይስ የሕዝቡን አሰፋፈር፣ የአየሩን ጠባይና ሊሠሩ የታቀዱትን አውራ ጎዳናዎች አጥንቶ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘውን አናሃይምን አመለከተ። በዚያም 65 ሄክታር፣ በእኛ የቀድሞ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ፣ አብዛኛው የብርቱካን ተክል የነበረበት መሬት ተገዛ።

በኖቬምበር 1953 የዲዝኒ ሰዎች ንድፉን ይዘው በቺካጎ ለተሰበሰቡ የታወቁ የመዝናኛ ሥፍራ ባለቤቶች አሳዩ። ባለቤቶቹ በሥራው ያረጁ ሰዎች ነበሩ፤ የሰጡትም ፍርድ አንድ ነበር፤ ይህ ሥራ ይከስራል አሉ። በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚወረወረው ሮለር ኮስተር የለውም፤ የፌሪስ ጎማ የለውም፤ ኳስ ወርውሮ ሽልማት የሚገኝበት ድንኳን የለውም። መግቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሕዝቡ ይታፈናል። ግንቡና የአትክልት ቦታው ገንዘብ አያስገቡም። ለየት ያሉ መጫወቻዎችን በትእዛዝ ማሠራት ከፋብሪካ ተሠርተው የሚሸጡትን ከመግዛት እጅግ ይወደዳል፤ ለጥገናም አይመቹም። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ያሉት ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ በሥራ የተረጋገጠ ነበር። የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እነርሱ የሚያሰሉት አንድ ሰው ለአንድ ጨዋታ በሚከፍለው ሳንቲም ሲሆን፣ ዲዝኒ ያሰላው አንድ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ በሚቆይበት ሰዓትና ዳግመኛ ተመልሶ በሚመጣበት ጊዜ ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ሆነ። ዲዝኒ የሕይወት መድኅን ዋስትናውን አስይዞ ተበደረ፤ የዕረፍት ቤቱንም ሸጠ። ሮይ ኒው ዮርክ ሄዶ ባለገንዘቦችን ማነጋገር ስለነበረበት በሴፕቴምበር 1953 ሠዓሊው ኸርብ ራይማን ቅዳሜና እሑድን ከዋልት ጋር ተዘግቶ የጠቅላላውን ሥፍራ ትልቅ ሥዕል ሠራ። ሮይ ያን ሥዕል ይዞ ባደረገው ድርድር፣ በ1954 ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ለብዙ ሚሊዮን ብድር ዋስ ሲሆን፣ በምላሹም ሲሦ የሚያህል ድርሻና በየሳምንቱ የሚተላለፍ የዲዝኒ ፕሮግራም አገኘ። ሥራው በጁላይ 1954 ተጀመረ፤ መክፈቻው ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ።

ግንባታውን የመሩት በባሕር ኃይል መርከቦችን ያሠሩ ጡረተኛው አድሚራል ጆ ፋውለር ነበሩ። የአናሃይም አፈር አሸዋማ በመሆኑ ለመርከብ መሄጃ የተቆፈረው ወንዝ በውሃ ሲሞላ ውሃው ሁሉ ወደ መሬት ሰረገ፤ በመጨረሻ ወለሉ በሸክላ አፈር ተለብጦ ነው ውሃ የያዘው። ዲዝኒ በጫካው ወንዝ ጉዞ ውስጥ ሕይወት ያላቸው አራዊት እንዲኖሩ ፈልጎ ነበር። የእንስሳት አዋቂዎች ግን አራዊቱ ቀኑን ተኝተው ወይም ተደብቀው ይውላሉ፣ ጎብኚው አያያቸውም ስላሉት በሞተር የሚንቀሳቀሱ አራዊት ተሠሩ። የአትክልት ባለሙያው ቢል ኢቫንስ የተነቀሉትን የብርቱካን ዛፎች ሥራቸውን ወደ ላይ ገልብጦ በመትከል እንግዳ የሆነ የበረሃ ጫካ አስመሰላቸው። መክፈቻው ሲቃረብ ለአንዳንዱ ክፍል የሚሆን ተክል መግዣ ገንዘብ ስላለቀ፣ በዚያ ለበቀለው አረም ውሃ አጠጥተው የላቲን ስሙን ጽፈው አቆሙበት። ወጪው ሁሉ ተደምሮ 17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ጁላይ 17 ቀን 1955 እሑድ ዲዝኒላንድ በቴሌቪዥን እየታየ ተከፈተ። ትኬቱን አስመስለው ያሳተሙ ሰዎች ስለነበሩ ከተጋበዘው እጅግ የሚበልጥ፣ 28,000 የሚጠጋ ሕዝብ ገባ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ስለ ነበር ሌሊቱን የተነጠፈው አስፋልት ለሰልሶ የሴቶችን የጫማ ተረከዝ ያዘ። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለ ነበረ የመጠጥ ውሃውንና መጸዳጃ ቤቱን ሁለቱንም ማድረስ አልተቻለም፤ ዲዝኒ መጸዳጃ ቤቱ ይቅደም አለ። ጋዝ አፈትልኮ አንዱ ክፍል ለጊዜው ተዘጋ። ልጆች የሚነዷቸው ትናንሽ መኪናዎች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ። የጋዜጣ ሰዎች በማግሥቱ ክፉኛ ተቹት፤ የኩባንያው ሠራተኞችም ቀኑን ጥቁር እሑድ አሉት። ሆኖም ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ሚሊዮንኛው ጎብኚ ገባ።

ዲዝኒ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ነው ስለ እርሱ መጻፍን ተገቢ የሚያደርገው። ገንዘቡን መልሶ እስኪያገኝ ድረስ ያለውን እንዳለ ይዞ መቆየት ይችል ነበር፤ ማንኛውም የባንክ ሰው የሚመክረው ይህንኑ ነው። እርሱ ግን ፊልም አንድ ጊዜ ተጠናቆ ከስቱዲዮ ከወጣ በኋላ ስሕተቱ ቢታይህም ልትነካው አትችልም፤ ይህ ሥፍራ ግን ሕያው ነው፣ እየጨመሩበትና እያረሙት ይኖራል የሚል አመለካከት ነበረው። ከእሳት አደጋ ጣቢያው በላይ ትንሽ መኖሪያ አሠርቶ እያደረበት፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ማለዳ እየተዘዋወረ የተላጠ ቀለምና የተቃጠለ አምፑል ይፈልግ ነበር። ሲመሽ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፎ ወረፋ እየጠበቀ ይሳፈራል፤ የጉዞው ጊዜ ከተወሰነው በደቂቃ ካጠረ ኃላፊውን ጠርቶ ይቆጣል።

ያልሠራውን ነገር ለማንሣትም አያመነታም ነበር። በመክፈቻው ዓመት በኖቬምበር የጀመረው የሰርከስ ትርኢት ሕዝቡ ለሰርከስ ወደዚያ እንደማይመጣ ስላሳየ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። የዓለም ቦዮች ጀልባ የተባለው ጉዞ በ1955 ሲከፈት በዳርና ዳሩ የሚታይ ነገር ስላልነበረው ጎብኚው ባዶ አፈር እያየ ይመለስ ነበር። በ1956 ያው ቦይና ያው ጀልባ ሳይለወጥ፣ ዳርና ዳሩ ከተረት በተወሰዱ ጥቃቅን መንደሮችና አጫጭር ዛፎች ተሞልቶ እንደገና ተከፈተ። ይህ ሁለተኛው ለማሻሻል ሥራ ጥሩ ትምህርት የሚሆን ይመስለኛል። የቦዩ ቁፋሮ፣ የውሃ ማጣሪያውና የጀልባው ሞተር ገንዘብ የፈሰሰባቸው ነገሮች ነበሩ፤ እነዚህ አልተነኩም። የጎደለው ታሪኩ ነበርና ታሪኩ ተጨመረ።

ትልቁ ጭማሪ የመጣው በ1959 ነው። በሥፍራው መካከል ለግንቡ ዙሪያ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣው አፈር ተከምሮ የማያምር ኮረብታ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ዲዝኒ በ1958 ፊልም በሚሠራበት በስዊዘርላንድ የማተርሆርንን ተራራ አይቶ ስለተማረከበት፣ በኮረብታው ቦታ የተራራው መቶኛ መጠን የሆነ 45 ሜትር የሚደርስ የብረትና የሲሚንቶ ተራራ እንዲሠራ አዘዘ። በተራራው ውስጥ ሁለት የተጠላለፉ ሐዲዶች ቁልቁል ይወርዳሉ። እስከዚያ ጊዜ የሮለር ኮስተር መንገድ በእንጨት ላይ የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ብረት ነበር። አሮው የተባለው አነስተኛ የካሊፎርንያ ድርጅት ግን ሐዲዱን ከቱቦ ብረት ሠራው። ቱቦ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ስለሚታጠፍ ከጠባብ ዋሻ ውስጥ ጥምዝምዝ መንገድ ማውጣት ተቻለ። መንገዱም በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ የፊተኛው ጋሪ ክፍሉን ሳይለቅ የኋለኛው እንዳይገባ በመቆጣጠሪያ ተጠበቀ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታዩት የብረት ሮለር ኮስተሮች ሁሉ የዚህ ሐዲድ ዘሮች ናቸው። የቺካጎዎቹ ባለቤቶች ሮለር ኮስተር ከሌለህ ትከስራለህ ያሉት ሰው፣ ሲሠራ እነርሱ ያልነበራቸውን ዓይነት ሠራ።

በዚያው ሰሞን በጀርመኑ አልቬግ ኩባንያ ዘዴ የተሠራው በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡርና በውሃ ውስጥ የሚጓዙ የሚመስሉ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ተከፈቱ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ከቤተሰቡ ጋር ተገኝቶ ባቡሩን መረቀ። መርከቦቹ በእውነቱ የሚሰጥሙ አልነበሩም። በመሪ ሐዲድ ላይ እየሄዱ መስኮታቸው ብቻ ከውሃው በታች በመሆኑና ከመስኮቱ ውጭ አረፋ በመለቀቁ ተሳፋሪው የሰመጠ ይመስለው ነበር። በሴፕቴምበር የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቼቭ ሎስ አንጀለስ በመጣ ጊዜ ዲዝኒላንድን እንዳያይ ለደኅንነቱ ሲባል ስለተከለከለ በአደባባይ ተቆጣ። ሰርጓጅ መርከቦቹን ሊያሳየው ተዘጋጅቶ የነበረው ዲዝኒም እንዳዘነ ይነገራል። በ1960 ኩባንያው የኤቢሲን ድርሻ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሥፍራውን ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረገ።

ስለ ጫካው ወንዝ ጉዞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ዲዝኒ በሕዝቡ መካከል ሲዘዋወር አንዲት እናት ልጇን፣ ይህን ባለፈው አይተነዋል ብላ ሳትሳፈር ስታልፍ ሰማ። ሌላ ባለንብረት ቢሆን በዚያ ቀን የተሰለፈውን ብዙ ሕዝብ አይቶ የአንዲትን ሴት ቃል ችላ ይል ነበር። እርሱ ግን የፊልም ሠዓሊውን ማርክ ዴቪስን በጉዞው ላይ ሥራ አለና፣ በ1962 የሚታጠቡ ዝሆኖች የሞሉበት ኩሬ ተጨመረ። ዴቪስ መሐንዲሶቹ ያላስተዋሉትን ነገር አስተዋለ፤ አራዊቱ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ እርስ በርሳቸው ምንም አያደርጉም፤ ተመልካች ደግሞ የሚስቀው አንዱ በሌላው ላይ አንድ ነገር ሲያደርግ ነው።

ወደ ፊት የሚያየው ክፍል ግን ያለማቋረጥ ያስቸግረው ነበር። የነገውን ዓለም የሚያሳይ ግንባታ ሁሉ ነገ ሲደርስ ያረጃል። በ1957 የሞንሳንቶ ኩባንያ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ከፕላስቲክ የተሠራ የወደፊቱን ቤት አቆመ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን በቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ አብዛኛው በየሱቁ የሚገኝ ሆነ። በ1967 ሊያፈርሱት የብረት ኳስ ሲወረውሩበት ኳሱ ነጥሮ ተመለሰ፤ በመጋዝ እየቆራረጡ ለማንሣት ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። አሠሪው ሊያፈርስ ሲወስን የማይፈርስ ሕንፃ መሥራት ሙገሳ ይሁን ወቀሳ አንባቢ ይፍረድ።

በ1963 የተከፈተው የሚዘምሩ ወፎች አዳራሽ ሌላ መንገድ አሳየ። ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ የወፎቹን ምንቃር፣ ክንፍና ራስ በአንድነት ያንቀሳቅሳል፤ ይህንንም ኦዲዮ አኒማትሮኒክስ አሉት። ዘዴውን ወደ ሰው ቅርጽ ለማሳደግ ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና ዲዝኒ ሌሎች እንዲከፍሉለት አደረገ። በ1964 በኒው ዮርክ በተከፈተው የዓለም ትርኢት ላይ ለፎርድ፣ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ለፔፕሲ ኮላና ለኢሊኖይ ክፍለ ሀገር አራት ትርኢቶችን ሠራ። በፔፕሲ ገንዘብ ለዩኒሴፍ የተዘጋጀው የልጆች የጀልባ ጉዞ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተነድፎ ተጠናቀቀ። ትርኢቱ ሲዘጋም ጥቂቶቹ ተጭነው ወደ አናሃይም መጡ። ሌላው ሰው ከፍሎ የሞከረለትን ዘዴ ዲዝኒ በነፃ ተማረው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት ስለ ሰው ብዛት ነበረ። በአናሃይም የባሕር ላይ ወንበዴዎችን የሚያሳይ በእግር የሚታይ የሰም ምስል ቤት ታቅዶ ምድር ቤቱ ተቆፍሮ፣ ብረቱም ቆሞ ነበር። በኒው ዮርክ ግን ውሃ የሚገፋቸው ጀልባዎች ሳያቋርጡ እየሄዱ በሰዓት እጅግ ብዙ ሰው እንደሚያሳልፉ፣ እግረኛ ግን ባማረው ነገር ፊት ቆሞ መንገድ እንደሚዘጋ ታየ። ስለዚህ የተጀመረው ምድር ቤት እንደገና ተነደፈ። ጀልባዎቹ በውሃ ቁልቁል ወርደው፣ በባቡር ሐዲዱና በአፈሩ ግንብ ሥር አልፈው፣ ከሥፍራው ክልል ውጭ በተሠራ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዲንሳፈፉ ተደረገ። የመሬት ጥበትን በእንዲህ ያለ ዘዴ ማምለጥ የሚያስመሰግን ነው። በአጠገቡ የሚገኘው የመናፍስት ቤት ደግሞ በ1963 ውጭው ተጠናቅቆ ውስጡ ምን እንደሚሆን ስላልተወሰነ ስድስት ዓመት ባዶውን ቆሟል፤ የተከፈተው በኦገስት 1969 ነው። አሠሪው መላ እስኪያገኝ ድረስ ያለቀ ሕንፃ ዘግቶ መጠበቅ ለሂሳብ ሹም የሚያስደስት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጸጸት ነበረው። በዲዝኒላንድ ዙሪያ ያለውን መሬት ለመግዛት በ1954 አቅም ስላልነበረው ሌሎች ሰዎች ገዝተው ሆቴልና የማስታወቂያ ሰሌዳ ሞሉበት። ስለዚህ በፍሎሪዳ በተለያዩ ስሞች በድብቅ እያስገዛ 11,000 ሄክታር ያህል መሬት ያዘ፤ ነገሩ ተገልጦ በኖቬምበር 1965 በይፋ ተነገረ። በዚያ ሊሠራ ያሰበው ሁለተኛ የመዝናኛ ሥፍራ ብቻ ሳይሆን ኤፕኮት ብሎ የሰየመውን፣ መኪና ከመሬት በታች የሚሄድበትን፣ መሀል ከተማው ከፀሐይና ከዝናብ የተጠለለበትን፣ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ነበር። እርሱ እንደ አሰበው ከሆነ ነዋሪዎቹ የመሬት ባለቤትነትም የመምረጥ መብትም አይኖራቸውም፤ ከተማውን እንደ ፈለጉ ለመለወጥ እንዲቻል ሁሉም ተከራይ መሆን ነበረበት። አንድን መጫወቻ እያፈረሱ ማሻሻልና ሰው የሚኖርበትን ቤት እያፈረሱ ማሻሻል አንድ ናቸው ብሎ የሚያምን ይመስል ነበር። በዚህ ጉዳይ ከእርሱ ጋር መስማማት አይቻልም።

ዕቅዱን ለማየት አልታደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲጋራ ያጨስ ነበርና በኖቬምበር 1966 የሳምባ ካንሰር ተገኘበት። ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ባለው ሆስፒታል ዲሴምበር 15 ቀን 1966 በ65 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ለወንድሙ የሆስፒታሉን ኮርኒስ እንደ ካርታ እያመላከተ የፍሎሪዳውን ጎዳና የት እንደሚዘረጋ ያስረዳው እንደ ነበር ሮይ ተርኳል። ሮይ ጡረታውን አዘግይቶ የፍሎሪዳውን ሥፍራ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ከፈተና በወንድሙ ሙሉ ስም ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ብሎ ሰየመው፤ እርሱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሞተ። ኤፕኮት በ1982 ሲከፈት ነዋሪ የሌለው ትርኢት ብቻ ሆነ።

በአናሃይም የተተዉለት ሥራዎች እየተከፈቱ ቀጠሉ፤ የባሕር ወንበዴዎቹ ጀልባ ከሞተ ከሦስት ወር በኋላ፣ በማርች 1967፣ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት በጁላይ እርሱ የተነደፈውን ያየው የነገው ዓለም ክፍል ከሞላ ጎደል ታድሶ ሲከፈት፣ ከጎብኚው ራስ በላይ ሳይቆም የሚዞር ፒፕልሙቨር የተባለ ቀስተኛ ባቡር ነበረው። ተሳፋሪው የሚሳፈረው ጋሪው ቆሞለት ሳይሆን በእኩል ፍጥነት በሚሽከረከር መድረክ ላይ ወጥቶ ነው። ዲዝኒ ይህን ለከተማ ትራንስፖርት ያሰበው እንጂ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። የኋለኞቹ ኃላፊዎች በ1995 ዘጉት። በ1998 በዚያው መንገድ ላይ ፈጣን ጋሪዎች እንዲሮጡበት ሞከሩ፤ መንገዱ ግን ለቀስተኛ ጉዞ የተሠራ ስለሆነ በመታጠፊያዎቹ ላይ ተገቢው ዘንበል ማለት አልነበረውም፤ ጋሪዎቹ በእያንዳንዱ ኩርባ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ እንደገና እየጨመሩ ጎማቸውንና ሞተራቸውን ፈጁ። ኩርባውን አፍርሶ ለማደስ የሚሆን ገንዘብ አልተፈቀደም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ይኸው ተዘጋ፤ መንገዱም ጋሪ ሳይሄድበት በሕዝቡ ራስ ላይ ቆሞ ቀረ።